ከባትሪው እስከ ሶኬቱ፦ ኢንቨርተር በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ

ኢንቨርተር ከባትሪ የሚወጣውን ቀጥተኛ ኮረንቲ ተቀብሎ የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚቀይር መሣሪያ ነው። ሥራውን የሚያከናውነው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ትራንዚስተሮቹ የባትሪውን 24 ቮልት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ በትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፉትና ከ300 ቮልት በላይ ያደርሱታል። ቀጥሎ ሌሎች ትራንዚስተሮች ይህን ከፍ ያለ ቮልቴጅ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን እያገላበጡ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አድርገው ወደ ሶኬቱ ይልኩታል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይሰጣል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። መንገዱ በአፋር ቆላ የሚያልፍ በመሆኑ ሌሊቱን ሚሌ ወይም ሎጊያ ላይ የሚያድር ሾፌርና ረዳቱ ያለ ቬንትሌተር እንቅልፍ አያገኙም። በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሚነዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችም እንዲሁ ናቸው። የፌዴራሉ ደንብ ቢበዛ ከ11 ሰዓት መንዳት በኋላ 10 ተከታታይ ሰዓት ከሥራ ውጪ መሆንን ያስገድዳቸዋል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ በቆመ መኪና ላይ ሞተር ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ገደብ አድርገዋል። ስለዚህ ጋቢናው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መብራት፣ ነፋስና የስልክ ቻርጅ ሊሰጥ የሚችል ቤት መሆን ይኖርበታል።

ብዙ ሰው ኢንቨርተር ሲገጥም የሚፈራው 220 ቮልቱን ነው። መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ሰው ይገድላል። ጋቢና የሚያቃጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማይፈራው የባትሪው ወገን ነው። ሰው ባለ 24 ቮልት ገመድ በእጁ ሲይዝ ኮረንቲ ስለማይይዘው ገመዱ ምንም የማያደርግ ይመስለዋል። ይህ ምዕራፍ ከባትሪው ተነስቶ ወደ ሶኬቱ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የአምፒሩ ስሌት

ኃይል ማለት ቮልት በአምፒር ሲባዛ የሚገኘው ነው። 1000 ዋት ከ220 ቮልት ሶኬት ሲወሰድ 4.5 አምፒር ብቻ ይሆናል። ያው 1000 ዋት ከ24 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ ወደ 42 አምፒር ይደርሳል። ኢንቨርተሩ ራሱ ከሚቀበለው ኃይል 10 በመቶ ያህሉን በሙቀት መልክ ያባክናል ተብሎ ሲታሰብ 46 ይሆናል። ባትሪው ደክሞ ቮልቴጁ ወደ 21 ሲወርድ ኢንቨርተሩ ያንኑ 1000 ዋት ለመስጠት ይበልጥ ይስባል፤ 53 አምፒር ገደማ። ለንጽጽር ያህል፣ ባለ 70 ዋት የከባድ መኪና የፊት መብራት አምፖል 3 አምፒር ገደማ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ከመቀመጫው ኋላ የተቀመጠው ሳጥን ሙሉ ጭነት ሲይዝ ከ15 የፊት መብራቶች የሚበልጥ ኮረንቲ በአንድ ጥንድ ገመድ ይጎትታል።

በ12 ቮልት መኪና ላይ ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ 93 አምፒር፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ 106።

የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ለምን እንደማይበቃም ከዚሁ ስሌት ይታያል። የዚህ ሶኬት ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፒር ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ 10 አምፒር 120 ዋት ብቻ ነው። ስልክና ላፕቶፕ ለመሙላት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር በትልቅ የሚተካ ሰው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለውን ቀጭን ገመድ በፊውዝ ምትክ ለማቃጠል እያዘጋጀ ነው። ከ150 ዋት የሚበልጥ ማንኛውም ኢንቨርተር ከባትሪው የራሱን ገመድ ማግኘት አለበት።

የኢንቨርተሩ መጠን የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በሚሠሩት ዕቃዎች ድምር ነው። ቬንትሌተር 50 ዋት፣ ላፕቶፕ 90፣ ሁለት ስልኮች 40፣ ትንሽ ቴሌቪዥን 50፣ ትንሽ ፍሪጅ 80 ቢሆኑ ድምሩ ከ310 ዋት አይበልጥም። የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ቢስብም ባለ 600 ወይም ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ይበቃል። ባለ 3000 ዋት የሚገዛ ሰው በገመድም በፊውዝም በባትሪም የሚከፍለው ዋጋ አብሮ ይጨምራል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ከ24 ቮልት ባትሪ 160 አምፒር ይጠይቃል፤ በጋቢና ኢንቨርተር አይታሰብም። ፍሪጅን በተመለከተ ደግሞ በቀጥታ በ24 ቮልት የሚሠራ የመኪና ፍሪጅ መግዛት ከኢንቨርተር ጋር ከመታገል ይሻላል።

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኢንቨርተሮች አሉ። ርካሾቹ ሞገዱን በደረጃ የተቆራረጠ አድርገው ይሰጣሉ። ስልክ ቻርጀርና አምፖል አይከፋቸውም፤ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ግን ያጉረመርማሉ፣ ይሞቃሉ፣ ዕድሜያቸው ያጥራል። ሁለተኛው ዓይነት ልክ እንደ ቤት መስመር ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ መተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሾፌር፣ ወይም ፍሪጅ የሚያስነሳ ሰው፣ ሁለተኛውን ዓይነት መግዛት አለበት።

ሁለት ባትሪዎች፣ አንድ ጥንድ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ያሉት ከባድ መኪኖች፣ ሲኖትራኩም አይቬኮውም ቮልቮውም፣ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ በተከታታይ ይሠራሉ። በአሜሪካ ያሉት ትልልቅ መኪኖች ግን ባለ 12 ቮልት ሲሆኑ፣ ሦስት ወይም አራት ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጎን ለጎን ይታሰሩባቸዋል። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር በ24 ቮልት ላይ ቢታሰር ወዲያውኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ከግዢ በፊት የሚደረገው የመጀመሪያው ነገር ቴስተር ይዞ የባትሪውን ቮልቴጅ መለካት ነው።

በባለ 24 ቮልት መኪኖች ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ፤ ጊዜ ወስዶ መመልከት ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት ቴፕ ወይም ኢንቨርተር ያለው ሰው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይጎትታል። ዕቃው ይሠራል፤ ችግሩ በዚያን ቀን አይታይም። የመኪናው ዲናሞ ግን ባትሪዎቹን የሚያየው እንደ አንድ ነው። ሁለቱን በአንድነት ወደ 28 ቮልት ያደርሳል እንጂ እያንዳንዱ ስንት እንደደረሰ አያውቅም። ኮረንቲ የተሰረቀበት ባትሪ በደከመ ቁጥር ከ28ቱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል፤ ሳይሞላ ውሎ ያድራል፣ ሳህኖቹም ይደድራሉ። ሙሉ የሆነው ጓደኛው ደግሞ የተረፈውን ሁሉ ይቀበላል። ከ15 ቮልት በላይ ሊደርስበትም ይችላል። ውሃው ይፈላል፣ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል፣ ከጊዜ በኋላ ያብጣል። አንዱ በረሃብ ሌላው በጥጋብ ይሞታሉ። ባትሪ ሻጩ ሳይሆን ያቺ አንዲት ገመድ ናት ጥፋተኛዋ። በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ዕቃ የግድ ከሆነ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ ይገጠማል፤ መለወጫው ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል ይወስዳል።

ጎን ለጎን በታሰሩት የአሜሪካ ባትሪዎች ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ከረድፉ አንድ ጫፍ፣ ኔጌቲቩ ከሌላው ጫፍ ይወሰዳል። ሁለቱም ከአንዱ ባትሪ ከተወሰዱ ያ ባትሪ ከሌሎቹ በላይ ይለፋል።

ገመዱ

አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ 0.0175 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው፤ ማለትም ኮረንቲውን በዚያ መጠን ይገታል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። 53 አምፒር ሲያልፍበት ግን ትንሽ መሆኑ ይቀራል።

ከባትሪው ሳጥን እስከ መኝታው ሥር 4 ሜትር ቢሆን ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የገመዱ ርዝመት 8 ሜትር ነው። በቤት ውስጥ ለምድጃ የሚዘረጋው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ለዚህ ሥራ ቢወሰድ፣ ሬዚስታንሱ 0.035 ኦም ይሆናል። በ53 አምፒር ጊዜ 1.86 ቮልት በገመዱ ላይ ይቀራል፤ ወደ 98 ዋት የሚጠጋ ኃይልም ሙቀት ሆኖ ከምንጣፉ ሥር ይሰራጫል። ባትሪው 22.5 ቮልት እየሰጠ ኢንቨርተሩ የሚያየው ከ21 በታች ስለሚሆን እየጮኸ ይጠፋል። ሾፌሩም ኢንቨርተሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ሲሆን ግን በገመዱ ላይ የሚቀረው 0.3 ቮልት፣ የሚባክነው ሙቀት 16 ዋት ብቻ ነው። ለባለ 24 ቮልት፣ 1000 ዋት ኢንቨርተር በዚህ ርቀት ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ 2000 ዋት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከ185 አምፒር በላይ ስለሚያሳልፍ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ካሬ መውጣት ይኖርበታል።

ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ፣ የሚተጣጠፍ የባትሪ ገመድ መሆን አለበት። የቤት መስመር ደንዳና ሽቦ በመኪና ንዝረት ይሰበራል። በገበያ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ከላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። ሲነካ ቀላል ነው፣ ዋጋው ይስባል፣ ክሩ በቢላ ሲፋቅ ግን ነጭ ይሆናል። ሬዚስታንሱ ከንጹህ መዳብ በ60 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ፣ በላዩ የተጻፈውን ውፍረት አምኖ የገዛው ሰው የተሸጠለት ከዚያ ያነሰ ገመድ ነው። እርጥበትና ጨው ባለበት ቦታም ፈጥኖ ይበሰብሳል።

የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባው የመዳብ ቀለበት በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቃል። በመዶሻ ጠፍጥፎ ወይም በፒንሳ ነክሶ መተው ክሮቹ መካከል አየር ያስቀራል፤ አየሩ ባለበት ቦታ ሬዚስታንስ አለ፣ ሬዚስታንስ ባለበት ቦታ ሙቀት። በብየዳ ብቻ ማያያዝም አይመከርም፤ መገጣጠሚያው ሲሞቅ እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ብየዳው የደረሰበት ቦታም በንዝረት ይቀነጠሳል። ሲታሰር ቀለበቱ በቀጥታ ከባትሪው ማሰሪያ ብረት ጋር ይገናኛል፤ ሮንደላው ከላይ፣ ዳዶው በመጨረሻ። ሮንደላ በቀለበቱና በማሰሪያው መካከል ሲገባ ኮረንቲው በመዳብ ፈንታ በብረት እንዲያልፍ ይገደዳል።

ኔጌቲቩ ገመድ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ይኖረዋል፤ የሚሄደውም እስከ ባትሪው ነው። ኔጌቲቩን በቅርብ ካገኙት የጋቢና ብሎን ላይ ማሰር ቀላል መስሎ ይታያል። የከባድ መኪና ጋቢና ግን በጎማ ትራሶች ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የምድር ማሰሪያ የተሠራው ለመብራትና ለቴፕ እንጂ ለ50 አምፒር አይደለም። በዚያ መንገድ መመለስ ያቃተው ኮረንቲ በሌሎች ቀጫጭን ገመዶች በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ፊውዙ

ፊውዝ ኢንቨርተሩን ለመጠበቅ የሚገጠም ይመስላል። የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ኢንቨርተሩ በውስጡ የራሱ መከላከያ አለው፤ ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ያለው 4 ሜትር ገመድ ግን ከፊውዙ በቀር ማንም የለውም። ይህ ገመድ በሻንሲ ጠርዝ ላይ ተፋቅቶ ቆዳው ቢገለጥና ብረት ቢነካ፣ ሁለቱ ባትሪዎች ከ1000 አምፒር በላይ ሊለቁበት ይችላሉ። በሰከንዶች ውስጥ ገመዱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ከጎኑ ያለውን ሁሉ ያቀጣጥላል። ቁልፉን ማጥፋት አያድንም፤ ገመዱ በቁልፉ በኩል አያልፍም።

የፊውዙ ቦታም ከዚሁ ይወሰናል። በኢንቨርተሩ አጠገብ የተገጠመ ፊውዝ ከኋላው ያለውን 4 ሜትር ገመድ አያየውም። ስለዚህ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መግባት አለበት። በባትሪውና በፊውዙ መካከል የምትቀረው አጭር ገመድ ጥበቃ የሌላት ብቸኛ ክፍል ስለሆነች በተጨማሪ ሽፋን ተሸፍና ከብረት ርቃ ትታሰራለች።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል፦ ከፍተኛው ኮረንቲ 53 አምፒር በ1.25 ሲባዛ 66 ይሆናል፤ ቀጥሎ ያለው በገበያ የሚገኝ መጠን 70 ወይም 80 ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬው ገመድ ከ80 አምፒር በላይ በምቾት ስለሚሸከም ከገመዱ በፊት ፊውዙ ይቃጠላል። ዓይነቱ ደግሞ ሜጋ ወይም ኤኤንኤል የሚባለው፣ በብሎን የሚታሰረው ትልቅ ፊውዝ ሲሆን፣ በላዩ የተጻፈው ቮልቴጅ ቢያንስ 32 መሆኑ ይታያል። የቤት ቆጣሪ ላይ ያለው ዓይነት ማቋረጫ ለዚህ አይሆንም። ተለዋዋጭ ኮረንቲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ የእሳት ቅስቱ በራሱ ይጠፋል። የባትሪ ኮረንቲ ግን ዜሮ የለውም፤ ማቋረጫው ቢከፈትም ቅስቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል መንደዱን ሊቀጥል ይችላል።

በፊውዝ ምትክ የመዳብ ክር መጠምጠም፣ ወይም ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ማስገባት፣ በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናውንም የሚተኛበትን ሰውም ያለ ጠባቂ ይተዋል። መለዋወጫ ፊውዝ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ትርፍ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ።

የገመዱ መንገድ

ከባትሪው ሳጥን የወጣው ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከፋብሪካው ገመዶች መንገድ ጋር ይሄዳል፤ በየ30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትሩም ይታሰራል። ከጭስ ማውጫው፣ ከነዳጅ መስመሩ፣ ከመሪው ዘንግ ይርቃል። ከፍሬን የአየር ቱቦዎች ጋር አንድ ላይ መጠቅለል ፈጽሞ አይገባም፤ ቱቦዎቹ ፕላስቲክ ናቸውና የጋለ ገመድ ሊያቀልጣቸው ይችላል፤ በዳገትና ቁልቁለት ላይ አየር ያጣ መኪና ምን እንደሚሆን ለሾፌር መንገር አያስፈልግም። ገመዱ የብረት ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባል። የተሰረሰረ ብረት ጠርዝ ስለት ነው፤ ንዝረቱ ደግሞ ቀን ከሌት ይስላል።

ሞተሩ ከጋቢናው ሥር በሆነባቸው መኪኖች ላይ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ጋቢናው ወደ ፊት ይገለበጣል። በተቀመጠበት ተለክቶ ጥብቅ ሆኖ የታሰረ ገመድ፣ መካኒኩ ጋቢናውን በገለበጠ ቀን ይበጠሳል ወይም ከማሰሪያው ይነቀላል። የፋብሪካው ገመዶች በማጠፊያው አጠገብ ሰፋ ያለ ጥምዝ ሠርተው የሚያልፉት ለዚህ ነው፤ የኢንቨርተሩም ገመድ በዚያው ጥምዝ ይሄዳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ጋቢናው አንድ ጊዜ ተገልብጦ መታየት አለበት።

የነዳጅ ቦቴ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በእንዲህ ዓይነት ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠመው ዋና የባትሪ መቁረጫ በመጫኛና በማራገፊያ ቦታ ብልጭታ እንዳይፈጠር መላውን መስመር ለማጥፋት ነው። ከባትሪው በቀጥታ የተወሰደ የኢንቨርተር ገመድ ይህን መቁረጫ አልፎ ይሄዳል፤ ሾፌሩ መቁረጫውን አጥፍቶ ሁሉም ጠፋ ብሎ ሲያምን ጋቢናው ውስጥ 24 ቮልት ሕያው ሆኖ ይቆያል። በቦቴ ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ የተሽከርካሪው ባለቤትና የአደገኛ ጭነት ባለሙያ ሳያውቁት መደረግ የለበትም።

የሳጥኑ ቦታ

ኢንቨርተሩ ደረቅ፣ አየር የሚያገኝ፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ይፈልጋል። ከመቀመጫው ኋላ ያለው ግድግዳ ወይም ከመኝታው ሥር ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ግን በብሎን ታስሮ፣ በዙሪያው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ቀርቶለት። ከብርድ ልብስና ከጋቢ ጋር ተጨናንቆ የሚሠራ ኢንቨርተር ሙቀቱ መውጫ የለውም። በባትሪው ሳጥን ውስጥ መግጠም ገመዱን ያሳጥራል፣ ሆኖም የተከለከለ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚለቀው ሃይድሮጂን ከአየር 4 በመቶ ከሆነ ጀምሮ ይቀጣጠላል፤ የኢንቨርተር ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታም ይበቃዋል።

በሳጥኑ ላይ የተጻፈው 1000 ዋት ብዙ ጊዜ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካ ነው። በሰመራና በጋላፊ መካከል የውጪው ሙቀት ከ40 በላይ ሲወጣ፣ ፀሐይ የዋለችበት ጋቢና ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በዚያ ሙቀት ኢንቨርተሩ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም፤ ራሱን ለማዳንም ሊጠፋ ይችላል። የመንገዱ አቧራ የኢንቨርተሩን ማቀዝቀዣ ቬንትሌተር ቀዳዳ ስለሚደፍን በየጥቂት ሳምንቱ በአየር መነፋት አለበት።

ከሶኬቱ ወዲህ

በኢንቨርተሩ ሌላኛው ወገን ያለው 220 ቮልት ከቤት ግድግዳ ከሚወጣው በምንም አያንስም። ጎማው ከመሬት ስለሚለይ ጋቢና ውስጥ ኮረንቲ አይይዝም የሚል እምነት በሾፌሮች ዘንድ አለ። ስህተት ነው። ኮረንቲው ወደ መሬት መድረስ አያስፈልገውም፤ ወደ ኢንቨርተሩ መመለስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቆዳው የተላጠ ገመድ አንዱን መስመር ከጋቢናው ብረት ካገናኘ፣ በአንድ እጁ በሩን በሌላው ሁለተኛውን መስመር የነካ ሰው ዑደቱን በደረቱ ይዘጋዋል።

ስለዚህ በኢንቨርተሩ አካል ላይ ያለው የምድር ብሎን በወፍራም ገመድ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የፍሳሽ መከላከያ ማቋረጫ መጨመርም ጥሩ ነው። ይህ ማቋረጫ ሰውን የሚያድነው ግን የኢንቨርተሩ ኒውትራል ከምድር መስመሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ነው። ብዙ ትናንሽ ኢንቨርተሮች ሁለቱንም መስመሮች ከምድር ለይተው ነው የሚሰጡት። በእነዚህ ላይ የማቋረጫው የመሞከሪያ ቁልፍ ሲጫን ማቋረጫው ይቆርጣል፤ ባለቤቱም ተጠበቅሁ ብሎ ይረጋጋል። ቁልፉ የሚሞክረው ግን የማቋረጫውን መካኒክ እንጂ የምድር ግንኙነቱን አይደለም። ኒውትራሉን ከሻንሲው ጋር በራስ ግምት ማያያዝም መፍትሔ አይደለም፤ በአንዳንድ ርካሽ ኢንቨርተሮች ላይ መሣሪያውን ያቃጥላል፣ የባሰ አደጋም ይፈጥራል። የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደውን ማየት ወይም ኢንቨርተርን በሚገባ የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን መጠየቅ የግድ ነው።

ከኢንቨርተሩ ሶኬት ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር መደርደር፣ ገመዱንም በበር ስንጥቅ ወደ ውጪ ማውጣት አይገባም። የኢንቨርተር ሶኬት ከመንግሥት መብራት መስመር ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቅጽበት ኢንቨርተሩ ያልቃል።

ሌሊቱ

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለው ሁሉ ከባትሪው ነው የሚወጣው። ቬንትሌተር፣ ስልክና ትንሽ ፍሪጅ በአማካይ 110 ዋት ቢወስዱ፣ ከኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታ ጋር 6 አምፒር ገደማ ይሆናል። በ8 ሰዓት ውስጥ 48 አምፒር ሰዓት ይወጣል። ባለ 180 አምፒር ሰዓት አዲስ ባትሪ ላይ ይህ ከሩብ ብዙም አይበልጥም፤ ጠዋት ሞተሪኖው ያለ ችግር ይነሳል። አቅሙ በግማሽ በወረደ አሮጌ ባትሪ ላይ ግን ከግማሽ በላይ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር የሚጠይቀው ሞተሪኖ ጠዋት ሊያቅተው ይችላል።

አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች 21 ቮልት ሲደርስ ይጠፋሉ። ይህ ኢንቨርተሩን ያድናል፣ ሾፌሩን አያድንም። በ21 ቮልት ላይ የማስነሻ ባትሪ ባዶ ነው። ማጥፊያው የሚስተካከል ከሆነ ወደ 23.5 ወይም 24 ቮልት ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ወደ 12 ገደማ። የማይስተካከል ከሆነ ለብቻው የሚሸጥ የባትሪ ጠባቂ ይጨመራል። ተራው የመኪና ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ለመስጠት እንጂ በየሌሊቱ እስከ ታች ለመራቆት አልተሠራም። በየዕለቱ በመኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው ለማደሪያው የተለየ፣ በጥልቀት መራቆትን የሚችል ባትሪ ቢኖረው የማስነሻው ዕድሜ ይረዝማል።

የመጀመሪያው ግንኙነት

ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይወጣል፣ ቀለበትና ሰዓት ከእጅ ይወልቃሉ። ከባትሪው መጀመሪያ የሚፈታው ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ኔጌቲቭ ነው፤ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታ ቁልፍ ሻንሲውን ከነካ ቁልፉ ራሱ የ24 ቮልት ገመድ ይሆናል።

ሁሉም ገመድ የሚታሰረው ፊውዙ ከቤቱ ወጥቶ ሳለ ነው። ከዚያ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በኢንቨርተሩ በኩል በቴስተር ይረጋገጣሉ፤ ተገልብጦ የታሰረ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ አይጠገንም። ትልልቅ ኢንቨርተሮች በውስጣቸው ያለው ካፓሲተር ባዶ ስለሆነ ፊውዙ ሲገባ ኃይለኛ ብልጭታ ይኖራል። ይህን ለማስቀረት ባለ 24 ቮልት የጠቋሚ መብራት አምፖል በፊውዙ ቤት ሁለት ጫፎች መካከል ይያዛል፤ አምፖሉ በርቶ ቀስ እያለ ሲደክም ካፓሲተሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ፊውዙ ያኔ በጸጥታ ይገባል።

ወደፊት በሻንሲው ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሲሠራ የኢንቨርተሩ ፊውዝ መውጣቱና ባትሪው መፈታቱ አይዘንጋ።

የመጀመሪያው ሙከራ በትንሽ ጭነት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሙሉውን ጭነት ይዞ ለግማሽ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ኢንቨርተሩ በሁለቱ መግቢያዎቹ ላይ የሚያየው ቮልቴጅና በባትሪው ላይ ያለው ይነጻጸራሉ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ አንድ ቦታ ላይ ጉድለት አለ። ከዚያ ጭነቱ ጠፍቶ፣ በባትሪው ላይ ያሉት ማሰሪያዎች፣ የፊውዙ ቤትና የኢንቨርተሩ መግቢያዎች በእጅ ጀርባ ይዳሰሳሉ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ ሊቆይበት የማይችል መገጣጠሚያ ከተገኘ ጉዞ አይጀመርም፤ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ አስፈላጊ ከሆነም ቀለበቱ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ከመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ መገጣጠሚያ በንዝረት የሚላላው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው።